በዝማሜ የሚልከው ገብረማርያም

ገብረማርያም ደብሬ በወረታ ቴሌግራም ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር የተነገረው ሥራ ሁለት ነበር፤ በር መጠበቅና ዲናሞ ማሽከርከር። ስለ በሩ የሚወራ ነገር የለም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ ማለት መንገድ ዳር የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና አንድ ሰፊ ገበያ ነበረች፤ የቴሌግራም ቤት በር ሰብሮ የሚገባ ሌባ ቢመጣ እንኳ ምን ይዞ ይሄዳል? የሚወራው ስለ ዲናሞው ነው።

ዲናሞው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ላይ የተሰካ፣ ግራና ቀኝ እጀታ ያለው ብረት ነው። ሰውየው በቅሎ እንደሚጋልብ እግሩን ከፍቶ ይቀመጥና በሁለት እጁ ያሽከረክረዋል። ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ ሬዲዮው ይሄዳል፤ የጣቢያው ኃላፊ አቶ በላቸው ደግሞ የሞርሱን መምቻ እየተጫኑ መልእክቱን በአየር ይልካሉ። አጭር ምት፣ ረጅም ምት፣ ሌላ የለውም። ታዲያ ይህ ዲናሞ አንድ ጠባይ ነበረው። አቶ በላቸው መምቻውን ሲጫኑት ይከብዳል፤ ሲለቁት ይቀላል። አጭር ሲመቱ ለአፍታ ከበድ ይላል፤ ረጅም ሲመቱ ጭቃ እንደያዘው ሞፈር ክንድ ይይዛል።

ከገብረማርያም በፊት የነበሩት ሁለት ዘበኞች በዚህ ምክንያት ሥራውን ረግመው ጥለውት ሄደዋል። ገብረማርያም ግን በሁለተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ይጥመው ጀመር። ምክንያቱም ሰውየው ተራ ዘበኛ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ዜማ ቤት የኖረ፣ በቁሐር ሚካኤል መቋሚያ ይዞ የሚያሸበሽብ ደብተራ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላው ጉሮሮውን ታመመና ዳነ፤ ድምፁ ግን አልዳነም። ያ የተወደደ ድምፅ ቆዳው እንደላላ ከበሮ ሆኖ ቀረ። ማንም ሂድ አላለውም፤ እሱ ራሱ ከሰልፉ ጫፍ ሄዶ ቆመ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መቋሚያውን ብቻ ይሰብቃል። ምት የማይጠፋው ሰው ነው እንግዲህ ዲናሞው ላይ የተቀመጠው።

አንድ ቀን አቶ በላቸው ለአንድ የከብት ነጋዴ ረጅም መልእክት ልከው ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ገብረማርያም ጉሮሮውን ጠረገና፣

«አቶ በላቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጨረሻው አካባቢ አንዲት አጭር አልጎደለችም?» አላቸው።

«የምን አጭር?»

«እንጃ፣ እኔ ምኑን አውቄው። ያቺ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም የምትለዋ ስትመላለስ ቆየችና በስተመጨረሻ አጭሯን ትታ መጣች። ክንዴ ላይ ጎደለችብኝ።»

አቶ በላቸው ወረቀቱን አዩ። እውነትም አንዲት ፊደል አበላሽተዋል። ወረቀቱንና ዘበኛውን እያፈራረቁ ተመለከቱና ሣቁ፤ ሣቃቸው ደግሞ በቀላሉ የሚያቆም ዓይነት አልነበረም። ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡት። መልእክቱ በአማርኛ ቢሆንም የሚላከው በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ እንደሆነ፣ ፊደሉም ሃያ ስድስት ብቻ እንደሆነ ነገሩት።

«ሃያ ስድስት ብቻ?» አለ ገብረማርያም፤ ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። የዜማ ምልክት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ምን ይበል? በአሥራ ሁለት ቀን ጨረሰው።

መቼም ማወቅና መላክ ይለያያል። ለመላክ ልምምድ ይፈልጋል፤ ልምምድ ደግሞ ጓደኛ ይፈልጋል። አቶ በላቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት፣ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ዝም በሚሉበት ጊዜ፣ ከጎረቤት ጣቢያ ኃላፊዎች ጋር ተስማምተው አየሩን ለወዳጆች ለቀቁት። ወዳጆች ማለት ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ነገሩ ደስ ስላላቸው ብቻ የሚማሩ ሰዎች ናቸው። ሦስት ነበሩ። ከሐሙሲት ካሴ የሚባል ፖስታ አመላላሽ፤ በቅሎውን ከሰው አብልጦ የሚወድ ቀልደኛ። ከአዲስ ዘመን ድንቅነሽ፣ የጣቢያው ኃላፊ እህት፣ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የማይተናነስ። ከወረታ ገብረማርያም። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ ግን በሁለት ወር ውስጥ አንዱ የአንዱን አመታት እንደ አረማመድ ለይቶ ያውቅ ነበር።

የሰዓቱ ሕግ አንዲት ናት፦ ከመካከላቸው በጣም የሚዘገየው ሰው ጽፎ ሊጨርስ ከሚችለው በላይ ማንም አይፈጥንም። በዚህ አካሄድ የካሴ በቅሎ ርብ ዳር ረግረግ ውስጥ ገብታ እንዴት እንደወጣች ለመተረክ ሙሉ አንድ ሰዓት ፈጅቶ፣ ጭራዋ ብቻ ሲቀር ሰዓቱ አልቆ፣ ድንቅነሽ ሳምንቱን ሙሉ በቅሎይቱ ወጣች አልወጣች እያለች ስታስብ ሰንብታለች። ለፍጥነቱም ከማኅሌቱ ሥርዓት ወስዶ ስም ያወጣለት ገብረማርያም ነው። በጣም ዝግ ያለውን «ቁም» አለው፤ ከዚያ ከፍ ያለውን «ዝማሜ»፤ ሞቅ ያለውን «መረግድ»፤ የመጨረሻውን፣ እጅ ከእጅ የሚጋጭበትን፣ «ጽፋት»። ካሴና ድንቅነሽ ማኅሌት ቆመው ባያውቁም ስሙን ወደዱት፤ «ዛሬ በዝማሜ ይሁንልን፣ ደክሞኛል» ይባባሉ ጀመር።

እሑድ እሑድ ዲናሞውን የምታሽከረክረው የገብረማርያም ሚስት እማዋይሽ ነበረች። «የሰው ባል እሑድ ጠላ ቤት ይሄዳል፣ የኔው ብረት ያስፈጨኛል» ትላለች፤ ግን ቀርታ አታውቅም። ቤት ሲገቡም ሰላም የለም። ገብረማርያም ገበታው ላይ በጣቱ ይመታል፣ የበሩ መቃን ላይ ይመታል፣ አንዴ እንዲያውም ቄሱ ሊባርኩት እጃቸውን ራሱ ላይ ቢጭኑ በጣቱ የገዛ ጉልበቱን ሲመታ አገኙት።

እንግዲህ ሁሉ ደግ ሆኖ ሳለ አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ ክፉነቱ ደግሞ ከደግ ቦታ የመጣ ነው። ዜማ ቤት ተማሪ ሲሳሳት ከተሳሳተበት አይቀጥልም። ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ከመጀመሪያው ቃል እንደ አዲስ ይነሣል። መምህሩ አለንጋ ይዘው ፊቱ ተቀምጠው ነው ይህን ያስለመዱት። ሞርስ ላይ ግን ሕጉ ሌላ ነው፦ የተሳሳተ ሰው ስምንት አጭር መትቶ ስሕተቱን ያስታውቅና ያንኑ ቃል አርሞ ወደ ፊት ይሄዳል። ገብረማርያም ይህን ያውቃል፤ እጁ ግን አያውቅም። አንዲት ምት ከሳተ እጁ ሳይጠይቀው ወደ ራሱ ይመለሳል።

«ወንድሜ ካሴ ሆይ በቅሎህ እን—» ይላል፤ ይስታል። «ወንድሜ ካሴ ሆይ በቅሎህ እንዴት—» ይላል፤ ይስታል። «ወንድሜ ካሴ ሆይ—»

«አያ ገብሬ» ይለዋል ካሴ ከሐሙሲት፣ «ወንድምህ መሆኔን አምስት ጊዜ ተቀብያለሁ። ወደ በቅሎዋ እንሂድ።»

ይሣቃል። ይሣቃሉ። እስከዚያ ድረስ ጉዳት አልነበረውም።

በሚያዝያ መጨረሻ ግን ለአቶ በላቸው የዝውውር ደብዳቤ መጣ፤ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ወደ ጎጃም ይሄዳሉ። ለወረታ ጣቢያ ኃላፊ የሚፈልግ ሰው ካለ በሰኔ ወር ከጎንደር በአየር ይፈተናል። መቀበል በደቂቃ ስድሳ ፊደል፤ መላክ ሦስት መቶ ፊደል በአምስት ደቂቃ። ዕድሜው አርባ ያልሞላው። ገብረማርያም አርባ ዓመት የሚሞላው በመጪው ኅዳር ነው።

አቶ በላቸው ደብዳቤውን አነበቡለትና አጣጥፈው ፊቱ አስቀመጡለት።

እንዲያው ነገሩን ማሳነስ አይገባም። ይህ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የኖረ ነው። አሁን ያለ ጉሮሮ የሚናገርበት፣ ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን የሚሰሙት ነገር አግኝቷል። አዲስ ኃላፊ ከመጣ እሑድን ይዘጋዋል፤ ማን ዘበኛ መምቻ ያስነካል? ሌላ ፈተና ቢወጣም ዕድሜው ያልፋል። ገብረማርያም ያን ወንበር ፈለገው፤ ድምፁን ካጣ ወዲህ እንዲህ አድርጎ የፈለገው ነገር አልነበረም። ለእማዋይሽም ነገራት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ተነሥ፣ ዲናሞው ላይ ልውጣ።»

ወዳጆቹ ሲሰሙ እሑድ አልበቃቸውም፤ ኃላፊዎቻቸውን ለምነው ረቡዕንና ዓርብን ጨመሩ። ድንቅነሽ አስተማሪ ሆነች፤ ምሕረት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ወደ ራሱ ሲመለስ በሰማች ቁጥር በላዩ ላይ ትመታና ታቋርጠዋለች።

«መሪጌታ፣ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ተሳሳትሁ እኮ፣ እቴ።»

«ስምንት አጭር ይምቱና ይለፉ።»

«እሺ።»

ይጀምራል፤ ይስታል፤ ይመለሳል። ካሴ ከሐሙሲት ጣልቃ ይገባል፦ «ምእመናን ሆይ፣ ቅዳሴው እንደገና ተጀምሯል፤ የወጣችሁ ግቡ።»

በዝማሜ ሲሆን አይሳሳትም፤ አመታቱም ያምራል፤ ረጅሞቹን እንደ ዜማ ጎተት እያደረገ፣ አጭሮቹን እንደ ጸናጽል ረገፍ ረገፍ እያደረገ ይልካቸው ነበር። በደቂቃ ስድሳ ግን መረግድ አልፎ ጽፋት ነው፤ እዚያ ላይ ይስታል። መሳቱ ብዙ አይደለም፤ በአምስት ደቂቃ ሁለት ወይ ሦስት። በፈተናው እስከ አምስት ይፈቀዳል። ሁለቴ ወደ ራሱ ከተመለሰ ግን ሰዓቱ አልቆ ገና መግቢያው ላይ ነው።

«ስሕተት ከኋላዬ ትቼ ስሄድ» አላቸው አንድ ቀን ለአቶ በላቸው፣ «በር ሳልዘጋ ከቤት የወጣሁ ይመስለኛል። ሐሳቤ እዚያው ይቀራል።»

«አንተኮ ዘበኛ ነህ፤ በሩን ትተህ የምትመጣበት ጊዜ ደርሷል» አሉት አቶ በላቸው።

ሰኔ አሥራ አምስት ቀን፣ ሐሙስ፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ፈተናው ሆነ። ሌሊቱን ዘንቦ የፎገራ ሜዳ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ ገበሬው ከብቱን ወደ ከፍታው እየነዳ በደጅ ያልፋል። እማዋይሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ዲናሞው ላይ ተቀመጠች። አቶ በላቸው ሰዓታቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ገብረማርያም ጥምጥሙን ሁለቴ ፈትቶ ሁለቴ ጠመጠመ። ካሴና ድንቅነሽ በየጣቢያቸው ጆሯቸውን ደቅነዋል፤ አንዲት ምት እንዳያሰሙ ግን ከጎንደር በጥብቅ ተነግሯቸዋል።

መቀበሉ በደኅና አለፈ። ፈታኙ ላከ፣ ገብረማርያም ጻፈ፤ ሁለት ፊደል ብቻ አመለጠው። ከዚያ የመላኩ ተራ ሆነ። በታሸገ ወረቀት የመጣው ስለ ድልድይ ጥገና የሚያወራ ደረቅ ጽሑፍ ነበር።

«ወረታ፣ ጀምር» አለ ፈታኙ።

ጀመረ። አንደኛው ደቂቃ እንደ ውኃ ሄደ። እማዋይሽ ታሽከረክራለች፤ አቶ በላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ «ድልድይ» የሚለው ቃል መሐል ጣቱ ሳተ። ስምንት አጭር መምታት እንዳለበት ያውቃል፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር አላሰበም። እጁ ግን ቀደመው። ሲያየው ከጽሑፉ ራስ ጀምሮ የመጀመሪያውን ቃል እየላከ ነው።

አቶ በላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ገብረማርያም ሁለተኛውን ቃል ጀምሮ ሳይጨርስ ፈታኙ አቋረጠው።

«ቁም። ለምን ከራሱ ጀመርህ?»

የገብረማርያም እጅ መምቻው ላይ ቀረ። እማዋይሽ ከኋላው፣ «ምነው ቀለለኝ? ምን ሆነህ ነው?» አለች። አስቀድሞ ለፈታኙ መመለስ ነበረበት፤ የሚመልሰው ደግሞ እውነቱን ብቻ ነበር።

«ልማድ ነው። ዜማ ቤት ያደግሁ ነኝ።»

ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«የት?» አለ ፈታኙ።

«ቁሐር ሚካኤል።»

ከዚያ ፈታኙ መምታት ጀመረ፤ አመታቱ ከቅድሙ ቀስ ያለ ነበር።

«እኔ ጣራ ገዳም ነበርሁ። ይህን ልማድ ለመተው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መምህሬ እጄን የያዙኝ ይመስለኝ ነበር። ሰዓቱን ግን ላቆምልዎ አልችልም። ከድልድዩ ይቀጥሉ።»

ገብረማርያም አነበበው። «ላቆምልህ» እንዳላለው፣ «ላቆምልዎ» እንዳለው እስኪገባው አልጠበቀም። ስምንት አጭር መታ። «ድልድይ» አለና አለፈ። እማዋይሽ ዲናሞው ድንገት ሲከብድባት «እሰይ» ብላ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። አሁን ዝማሜም መረግድም የለም፤ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ በጽፋት ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ሌላ ፊደል ሳተ። ጀርባው ላይ ያ የጥንቱ አለንጋ ሲያርፍ ተሰማው። ስምንት አጭር መታና ሄደ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። የመጨረሻውን ቃል ሲጨርስ አቶ በላቸው ሰዓታቸውን አነሡና፣

«ሁለት ሴኮንድ ሲቀር ጨረስህ» አሉት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፈታኙ ስሕተት እየቆጠረ ነው። እማዋይሽ ክንዷን እያሸች ከዲናሞው አልወረደችም። ከደጅ አንድ ሰው ቴሌግራም ሊልክ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ አቶ በላቸው «ዛሬ ማንም አልሞተም፣ ቆይ» ብለው መለሱት።

መልሱ መጣ። ገብረማርያም እርሳስ አነሣ፤ ግን መጻፍ አላስፈለገውም።

«ወረታ። አራት ስሕተት። አልፈዋል። ከሐምሌ አንድ ቀን ጀምሮ የጣቢያው ኃላፊ ነዎት። መቀበልዎን ያረጋግጡ።»

ማረጋገጥ ማለት አንድ ቃል መላክ ነው፤ «ደርሶኛል» ብሎ በመጨረሻው የጣቢያን ስም መጨመር። ገብረማርያም እጁን ወደ መምቻው ሰደደ፤ ግን ሳይነካው መለሰው። ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነና አለቀሰ፤ ያውም ድምፅ አውጥቶ፣ ያ የተበላሸ ድምፁ እንደወጣ ወጣ።

«ኧረ መልስ እንጂ፣ ሰውየው እየጠበቀ ነው» አሉ አቶ በላቸው፤ እሳቸውም አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ።

እሱ አልቻለም። ይህን ጊዜ ከሬዲዮው አንድ ምት ተሰማ። ዝግ ያለ ነው፤ ረጅሞቹ ጎተት፣ አጭሮቹ ረገፍ ረገፍ የሚሉ። ገብረማርያም ፊቱን ከመዳፉ አወጣ። የራሱን አመታት ነው የሰማው፤ እሱ ግን እዚህ ነው፣ እጁም መምቻውን አልነካም። ድንቅነሽ ናት። አየሩ ዝም ሲልባት አላስቻላትም፤ አዲስ ዘመን ላይ ሆና በእሱ እጅ «ደርሶኛል» እያለችለት ነው። በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ ልካ አታውቅም።

ፈታኙ አስጨርሷት ሲያበቃ፣ «ይህ ወረታ አይደለም» አለ። «እንዲህ አስመስሎ መላክ የሚችል ሰው ካለ ለሚቀጥለው ፈተና ስሙን ይላክልኝ፤ አሁን ግን ዝም ይበል። ወረታ፣ ራስዎ ይመልሱ። እጠብቃለሁ።»

ገብረማርያም በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ወደ እማዋይሽ ዞሮ ራሱን ነቀነቀላት፤ እሷም ማሽከርከር ጀመረች። በየእሑዱ ሲልክ በመጨረሻው የሚመታው «የወረታው ዘበኛ» ብሎ ነበር፤ የጣቢያውን ስም ብቻውን መምታት የሚችለው ኃላፊው ነው። «ደርሶኛል» አለ በዝማሜ፤ ማንም አላጣደፈውም። ከዚያ ትንፋሹን ሰበሰበና «ወረታ» አለ፤ ያችን ብቻ፣ ሌላ ሳይጨምርባት።

«በቃ? ልተወው?» አለች እማዋይሽ ከኋላው።

«አንድ ጊዜ ቆዪ» አላት፤ ጎንደር መልሶ «እንኳን ደኅና መጡ» እያለው ነበርና፣ እሱም አመሰግናለሁ ሊል ነው።